ሲነፋ የሚጠብቅ

እህትየዋ የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ጋ ስትደርስ ባለሱቁ መዝጊያውን በግማሽ አውርዶታል። ቀኑን ሙሉ ስትነዳው የዋለችው የጭነት መኪና አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። ጎንበስ ብላ ገባችና ታላቅ ወንድሟ የላከላትን መልእክት ስልኳን አውጥታ አሳየችው።

«የቤንዚን ግፊት ሬጉሌተር። ሲነፋ የሚጠብቅ ይሁን።»

«አየር የሚነፋ ሱፐርቻርጀር ላለው ሞተር ነው?»

«አዎ። ነፊው የሚለው እሱን ነው።»

ባለሱቁ ሁለት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይሄኛው የቤንዚኑን ግፊት ባለበት ይጠብቃል፤ ንቅንቅ የለም። ያኛው ደግሞ ነፊው አየር በጨመረ ቁጥር የቤንዚኑንም ግፊት አብሮ ይጨምራል። የቱ ይሁን?»

ደወለች። አይነሳም። «መኪናው ሥር ነዋ፤ እዚያ ነው የሚኖረው» አለች። መልእክቱን እንደገና አየችው። የሚጠብቅ። ባለሱቁም ስለ መጀመሪያው «ይጠብቃል» ብሏል።

«ይሄንን ስጠኝ።»

«ነገ ዝግ ነን፤ ለመቀየር ብትፈልጊ ሰኞ ነው» አለ ባለሱቁ። እሱም ደክሞታል።

ወንድሟ ግቢው ውስጥ ጠበቃት። ነገ የዳገት ውድድር አለ። ባለፈው ውድድር ገና ከመነሻው ሳይርቅ ፒስተኑ ቀልጦ በገመድ ተጎትቶ ነው የተመለሰው። ሲሊንደሩ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል፤ ፒስተኑ እንደገና ከቀለጠ ሞተሩ ብረት ለሚሰበስቡ ነው የሚሰጠው።

ካርቶኑን ከፈተ። ዕቃውን አገላብጦ አየው፤ እንደገና አገላበጠው።

«አፍንጫዋ የታለች?»

«የምን አፍንጫ?»

«ከነፊው የሚመጣው ቀጭን ጎማ የሚሰካባት።» ድምፁን ከፍ ለማድረግ እንኳ አቅም አልነበረውም። «ነፊው ሲነፋ አየሩ ቤንዚኑን መልሶ ይገፋዋል። ያኔ ግፊቷ ካልጠበቀ ቤንዚኑ ያንሳል። ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ይግላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ።»

«ትጠብቃለች እኮ። ባለበት ትጠብቃለች ብሎኛል።»

«ዘበኛ ግዢ መቼ አልኩሽ? እንደ ብሎን የምትጠብቅ ነው ያልኩት።»

ስልኳን አወጣችና አንድ ጊዜ «ብ»ን አጥብቃ፣ አንድ ጊዜ አላልታ አነበበችው። ፊደሉ ያው ነው።

«እንዲጠብቅልህ ከፈለግህ አላልቼ ማንበብ ነበረብኝ ማለት ነው» አለች።

ሳቅ ሞከረውና ተወው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ብገጥማትስ? ነዳጅ ብዙም ሳልረግጥ ብነዳ።»

«ዳገት ላይ፣ ውድድር ላይ፣ አንተ?»

የሞተሩን ክዳን ቀና ብሎ አየው። ለመርገጥ ሲል ነበር ያን ሁሉ ወር ጀርባው እስኪደነዝዝ መኪናው ሥር የተኛው፤ ሳይረግጥ መንዳቱን ደግሞ ያለ ነፊውም ይችል ነበር። ዕቃውን በወጣበት ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ካርቶኑ መለሰው።

«ሰኞ ትቀይሪልኛለሽ?»

«አብረን ነው የምንሄደው። ቃሉን አንተው ትለዋለህ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገና የመኪናው ጣሪያ ላይ የረሳውን ስልክ አነሳ። ያመለጠውን ጥሪ አየ።

«ደውለሽ ነበር ለካ።»

«ደውዬ ነበር» አለችና ጎማው ላይ ጠጋ በል ብላው አጠገቡ ተቀመጠች።