የሳልህ ፊደል

እኔ አፌ አያርፍም። እናቴ «ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

መሥሪያ ቤታችን ከሾላ ገበያ ከፍ ብሎ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የእንጦጦ ጉም መስኮቱ ላይ ይተኛል። የቀበሌ ሱቆችን እህል በኮምፒውተር የምንቆጣጠር ሁለት ነበርን። ሳልህ የገባውን፣ እኔ የወጣውን። ፕሮግራሙን ለየብቻ ጽፈን እናጋጥመዋለን። ሁለታችንም ውጤታችንን «ድምር» ስለምንለው፣ አንዱ የሌላውን እንዳይደመስስ እሱ «ድምር» በጻፈበት ሁሉ የስሙን፣ የሳልህን መነሻ ፊደል ያስቀድማል፤ የእኔ የአስካለች ድምር ግን ያለ ፊደል ይቀመጣል። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው። «ከምሳ ዕቃዬ ድንች ስትሰርቂ ድንበር አታውቂም፤ ፕሮግራሜን ግን አላስነካሽም!» ይለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የደኅንነት ላንድሮቨር መጥታ ሳልህን ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወሰደችው። ከማግስቱ ጀምሮ እናቱ እትዬ ዘሊካ ከካራ በእግራቸው እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። የት እንደታሰረ ለማወቅ፣ ምግብ ለማቀበል፣ «ሠራተኛችን ነው» የሚል አንድ ቃል ከአለቃችን ከጓድ ገበየሁ ይፈልጋሉ። ዘበኛው ዋቅጅራ ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ሳልህ የሚባል የለም በል ተብያለሁ፣ እናቴ» ይላቸዋል።

ጓድ ገበየሁ ጭራሽ እኔን ጠራኝ። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱታ አልቀረለትም።

«ከፕሮግራሙም የሱን ፊደል አውጪ። ነገ ጥያቄ እንዳያመጣብን።»

«ይበላሻል፣ ጓድ።»

«የታዘዝሽውን አድርጊ!»

አወጣሁት። ፊደሉን በሰረዝኩ ቁጥር እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሐሙስ ሪፖርቱ ሲወጣ ሁለቱ ድምሮች ተደራርበው፣ የገባው እህል በወጣው ተውጦ፣ መጋዘኑ ባዶ ነው አለ። ከበላይ ስልክ ተደወለ። ጓድ ገበየሁ ላብ አጥምቆት እየሮጠ መጣ።

«መልሺው! የሳልህን ፊደል አሁኑኑ መልሺ!»

እሰይ! አልኩ በሆዴ። «እንግዲያው ሳልህ የሚባል አለ ማለት ነዋ! ለእናቱ ይንገሯቸው፤ ይኸው ከታች ቆመዋል።»

በመስኮቱ አየ። እትዬ ዘሊካ ምሳ ዕቃውን በሻርፓቸው ሸፍነው ዝናብ ይደበድባቸዋል።

«ለማሽኑ ነው ያልኩሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መለስኩት። መጋዘኑም ሞላ። ስወጣ እትዬ ዘሊካ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ዛሬስ ስሙን ጠሩት?»

«ጠሩት፣ እትዬ።»

ፊታቸው በራ። ለምን እንደጠሩት ለመናገር ግን ያ ሁሉ አፌ እምቢ አለኝ።