መቶ ግመል የት ይታሰራል?

«መቶ ግመል!» አለ ወንድዬ፣ የሻሂ ብርጭቆውን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ እያስቀመጠ። «እሺ ዘይኑ፣ አመጡልህ እንበል። የት ልታስራቸው ነው?»

ጓደኛቸው ኢርፋን ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ሰው እየገባ፣ ዱዓ እያደረገ ሲወጣ ውሎ አሁን ከኢትዮጵያ የመጡት ሦስቱ ጓደኛሞች ብቻ ቀርተዋል፤ ልብስ ሰፊው ዘይኑ፣ በበርበራ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳው ወንድዬና ዋሄን ገበያ ሸክም የሚሠራው አሚር።

«ማርያን አንዲት ዶሮ ብናመጣ ሳምንት ሙሉ የጮኸችብን ሴት ናት» አለ አሚር። ማርያን አከራያቸው ናት። «መቶ ግመል በሯ ላይ ብታይ እኛንም ከግመሎቹ ጋር አንድ ላይ ነው የምትነዳን።»

«ደግሞ ዘይኑ ግመል ይፈራል» አለ ወንድዬ።

«አልፈራም! ሽታቸውን ነው የማልወደው» አለ ዘይኑ፣ ሳያስበው። ወዲያው ደነገጠ። የጓደኛው መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም፤ እሱ ተቀምጦ ስለ ግመል ሽታ ይከራከራል።

የግመሉን ነገር ያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ኢርፋንን የገጨው ቡራሌ የሚባል የአሸዋ መኪና ሹፌር ነው። ሐርጌሳ በዚያ ሰሞን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ እንደገና ትሠራ ነበርና አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና በየሰፈሩ ይርመሰመሳል፤ ፍሬን የሚይዘው ስንቱ እንደሆነ ግን አላህ ይወቅ። የቡራሌ አልያዘም። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኢርፋን መንገድ ሲሻገር አገኘው። ቡራሌ ታሰረ። ዛሬ ጠዋት የጎሳው ሽማግሌዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡና ዘይኑን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት።

«አንተ ወንድሙ ነህ፤ ደሙ ያንተ ነው» አሉት። «በእኛ ወግ ለአንድ ወንድ ነፍስ ካሳው መቶ ግመል ነው። ካሳ ካልክ እንክሳለን። ይታሰር ካልክ ይታሰራል። አውፍ ብለህ ይቅር ካልክም ምንዳህ ከአላህ ነው። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እንመጣለን።»

ችግሩ፣ ዘይኑ ወንድሙ አይደለም።

ሆስፒታል ውስጥ አስከሬን የሚያስረክበው ሰው «ምኑ ነህ?» ሲለው፣ ጓደኛው ነኝ ብል ዘመድ እስኪመጣ እዚያው ይቆይ ይሉኛል ብሎ ፈራና «ወንድሙ ነኝ» አለ። «የአባት ስም?» ተባለ። ያኔ ነው ዘይኑ ክው ያለው። አምስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሮት ተኝቶ፣ ከአንድ ሳህን አብሮት በልቶ፣ የአባቱን ስም አያውቅም። የገዛ አባቱን ስም ሰጠ። ኢርፋን የዘይኑ አባት ልጅ ሆኖ ተጻፈ፤ እንደዚያው ሆኖም ተቀበረ።

«እኛ አገር ቢሆን ሕግ አለ» አለ ወንድዬ። «ዳኛ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ቀጠሮ አለ…»

«ቀጠሮስ አለ!» አለ አሚር። «የአጎቴ የድንበር ክስ ሲቀጠር ሲቀጠር ከሳሹም ሞተ፣ ተከሳሹም ሞተ፣ ዳኛውም ጡረታ ወጣ። ድንበሩ ብቻ ነው አሁንም እዚያው ያለው።»

«እሺ፣ አንተ ፍረድ።»

አሚር ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ኢርፋን ጎሚስታ ነበር። ሹፌሩ በእሱ ቦታ ገብቶ አንድ ዓመት ጎማ ይለጥፍ። ፍርዴ ይኸው ነው።»

«የገዛ ፍሬኑን ያላየ ሰው በለጠፈው ጎማ ነው እኔ በርበራ የምወርደው?»

«ትወርዳለሃ፤ ምን ታደርጋለህ።»

«እና የተፈረደው በእሱ ነው በእኔ?»

ዘይኑ ሳቁ አመለጠው። አንዴ ካመለጠው ወዲያ ማቆም አቃተው፤ ሆዱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ታጠፈ። ኡምሰልማ ሩዝ ይዛ ስትገባ እንዲያ ሆኖ አገኘችው። ኡምሰልማ ያገሯ ሰው ሁሉ የሚበላባት ትንሽ ምግብ ቤት ያላት፣ ኢርፋን እንደ ታላቅ እህቱ የሚያያት ሴት ናት።

«ሐዘን ቤት ነው ወይስ ሰርግ ቤት?» አለች። ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። ዘይኑ ከሁሉም ይበልጥ አፈረ። ከሆስፒታል ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣችውም፤ ሳቅ ግን ወጣው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ አለ በልቡ።

በማን እንደሚናደድም አያውቅ። በቡራሌ ሊናደድ ሲል ኢርፋን ራሱ ይመጣበታል። አንድ ጊዜ ዋሄን ውስጥ አንድ ሌባ ከዘይኑ የስፌት መኪና አጠገብ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ አንስቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ሰው ተረባርቦ ያዘውና ዱላ ተጀመረ። ኢርፋን ከየት መጣ ሳይባል ሌባው ላይ ተደፋ፤ ዱላውን በገዛ ጀርባው ተቀበለ። ሌባው በእግሮች መሀል ሾልኮ ጠፋ፣ ጨርቁም ጭቃ ውስጥ ተረጋግጦ ቀረ። ዘይኑ ሳምንት አኮረፈው። «የእኔ ጨርቅ፣ የእኔ ሌባ፤ አንተ ምን አገባህ?» ሲለው ኢርፋን ትከሻውን ነቀነቀ።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው። ጎማ ይጠግናል እንጂ መሪ አይጨብጥም። የጠገነውን መኪና ሁለት ሜትር ማስጠጋት ቢያስፈልግ እንኳ ሰው ይጠራል። ጓደኞቹ መንዳት የማያውቅ ጎሚስታ እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘይኑ ኡምሰልማ ጋ ሄደ።

«እትዬ፣ ኢርፋን ዘመድ እንዳለው የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ። ወንድሙ አይደለሁም ካልኩ ሹፌሩ ዘመድ እስኪገኝ ታስሮ ሊቀር ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የእኔ ባልሆነ ደም ልፈርድ ነው።»

ኡምሰልማ የምትለቅመውን ሩዝ ተወችው። «ሹፌር ነበር» አለች።

«ማን?»

«ኢርፋን። አዋሽ መንገድ ላይ አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ገጨ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ ሮጠ። ትሙት ትትረፍ እስከ ዛሬ አላወቀም። ያው ሩጫ ነው እዚህ ያደረሰው። ኢርፋን የሚለውንም ስም ያወጣው ራሱ ነው፣ ዘይኑዬ። ዘመድ ቢኖረውም በምን ስም ትፈልግለታለህ?»

ዘይኑ ሲመለስ የሚያውቀው መንገድ ጠፋበት። የማያውቀውን ሰው ነው ለሦስት ቀን ተቀምጦ ያዘነለት? ያቺን ሴትስ ማን ለቅሶ ደረሳት? ኢርፋንን ፊት ለፊት ቢያገኘው ኖሮ አንገቱን ያንቀው ነበር። ይህን ሲያስብ ደግሞ ናፈቀው፤ ናፍቆቱ መልሶ አናደደው። ቤቱ የደረሰው ሁለት ጊዜ ሰው ጠይቆ ነው።

ከዐስር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቡራሌን ከአንድ ፖሊስ ጋር ይዘውት ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሩ አጠገብ እንደቆመ መሬት መሬቱን ያያል።

«አዴር» አለ ዘይኑ፣ ሶማሌዎች ታላቅ ሰው እንደሚጠሩት። ሊናገር ያሰበው ሌላ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን እውነቱ ሆነ። «ዋሽቻለሁ። ወንድሙ አይደለሁም። የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም።»

ወንድዬና አሚር ተያዩ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ዓብዲ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ማን አጠበው?» አሉ።

«እኔ።»

«ቀብሩ ውስጥ ገብቶ ማን አስተኛው?»

«እኔና አሚር።»

«ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ማን ጋ ነው?»

«እዚህ፣ እኔ ጋ።»

«ታዲያ ከአንተ ሌላ ማንን እንጠይቅ?»

ዘይኑ ወደ ቡራሌ ዞረ። ለሁለት ቀን ያዘጋጀው ስድብ ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። «ለምን አልሮጥክም?» አለው።

ቡራሌ ቀና አለ። «ልሮጥ ነበር። ወርጄ ሰውዬውን ሳየው እግሬ ተነስቶ ነበር። እጄን ያዘኝ። እንደያዘኝ አቅፌ መኪና ላይ አወጣሁት፤ ሌላ ሰው እየነዳ ወሰደን። ሆስፒታል እስክንደርስ አልለቀቀኝም። በር ላይ ነው የለቀቀኝ።»

«የትኛውን እጅህን ነበር የያዘው?»

ቡራሌ ጥያቄው አልገባውም። እየፈራ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ዘይኑ በሁለት እጁ ያዘው።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አለ።

ዓብዲ ፋቲሓ ጀመሩ። የቤቱ ሰው ሁሉ መዳፉን ከፈተ፤ የዘይኑ እጆች ግን ሥራ ላይ ነበሩ። ዱዓው አለቀ፣ አሚን ተባለ። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው በር ላይ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። የዘይኑ እንባ ያኔ መጣ፤ ጉንጩን አልፎ አገጩ ላይ ሲደርስ የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

«በቃ እንግዲህ፣ ልቀቀው» አለው ወንድዬ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

ዘይኑ አልለቀቀውም።