ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ልጄ የታመመች ጊዜ ያስተኟት አራተኛ ፎቅ፣ አራት አልጋ ያለው የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ያንን ክፍል ከእሷም ከሐኪሞቹም በፊት አውቀዋለሁ። ሆስፒታሉ ሲሠራ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሉ ያኔ በርም መስኮትም አልነበረውም፤ ነፋሱ ባንዱ ገብቶ ባንዱ ሲወጣ ሻሻችንን ይገፍፈን ነበር። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ፊትና ኋላ ሆነን የተቦካ ሲሚንቶ በባሬላ እንሸከማለን። ደረጃው መደገፊያ ስላልነበረው ግድግዳ ግድግዳውን ታክከን ነው የምንወጣው። ልጄ ሆዴ ውስጥ ነበረች።

ለሳኙ ደግሞ አባቷ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «መስታወት» ይለዋል፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ፊት ያሳያል ለማለት ነው። ባሬላውን ሳወርድ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ቀጠነ፣ ወይዘሮ» ይለኛል።

«ያቀጠነው ውሃው ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» እለዋለሁ።

ፎርማኑ ይሰማና፣ «ጭቅጭቁን ቤታችሁ ስትገቡ! እዚህ ሥራ ነው ያለው» ይለናል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ያን ሳቅ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እሰማዋለሁ። ድካም ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ ወገቤን የማቀናው በእጄ ደግፌ ነበር። ግን ሁላችንም ወጣቶች ነበርን፤ ሕንፃውም በየሳምንቱ ወደ ላይ ያድግ ነበር። ጧት ስንመጣ አንገታችንን ቀና አድርገን ትናንት የት እንደደረስን እናያለን።

ልጄ ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። በአውቶቡስ በዚያ ባለፍን ቁጥር አባቷ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ያቺ የመጨረሻዋ መስኮት ትታይሻለች? ከውስጧ ያለው ግድግዳ የኔ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም» ይላታል። መሬት ቀያሽ የሆነችውም በሱ ምክንያት ነው። እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነበር። የደም ካንሰር ይዟት ያንን ክፍል ሲሰጧት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ «እማ፣ አባዬ ቤት መጣን» አለችኝ።

ሕክምናው ከባድ ነው። መድኃኒቱ መጥፎውን ደም ሲያጠፋ ደህናውንም አብሮ ይጠርገዋል፤ ሰውነቷ ለጊዜው በር እንደሌለው ቤት ይሆናል። ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ራሴ አነበብኩት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያነበብኩትን ግን አልረሳም። እጅ መታጠብ፣ አፍና አፍንጫ መሸፈን፤ አበባና አፈር ያለበት ዕቃ ክልክል። አንዱንም አልጣስኩም። ልብሴን በየቀኑ እቀይራለሁ፣ ጥፍሬን እከረክማለሁ። ልጄ፣ «እማ፣ ቆዳሽን ገፍፈሽ ልትጨርሺው ነው» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። አንድ መድኃኒት ሰጧት፣ ሌላ ጨመሩ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ደረቅ ሳል መጣ። ደረቷን በማሽን አነሱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወደ ኮሪደሩ ጠርታኝ፣

«እናቴ፣ ሳንባዋ ውስጥ ሻጋታ ገብቷል» አለችኝ።

«ሻጋታ? ዳቦ ላይ የሚወጣው?»

«የሱ ዘመድ ነው ይበሉት። ዘሩ በዓይን አይታይም፣ አየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው። እኔም እርስዎም በየቀኑ እንስበዋለን፤ የኛ ሰውነት ግን ይገድለዋል። የሷ አሁን የሚገድልበት አቅም የለውም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ከቤት ያመጣሁባት?»

«ኧረ በጭራሽ! ራስዎን አይውቀሱ። በዚህ ወር ከዚህ ክፍል ሦስተኛዋ ናት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለተኛው ፎቅ እየታደሰ ነው። የድሮ ግድግዳ ሲፈርስ አቧራው ይህን ዘር ይዞ ይነሳል። ግን ደረጃው በላስቲክ ታሽጓል፣ መስኮት አይከፈትም። በየት በኩል እንደሚገባ ነው ግራ የገባን። መድኃኒቱን ዛሬ በደም ሥሯ እንጀምራለን። አቧራውን መሳብ ካላቆመች ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም።»

«ሌላ ክፍል ውሰዷታ!»

«የትኛው ክፍል ንጹሕ እንደሆነ ሳናውቅ የት እንውሰዳት?»

እኔ ግን በየት እንደሚገባ አወቅሁ። 

ከልጄ አልጋ አጠገብ ካለው ቁምሳጥን ሥር በየማለዳው ስስ ግራጫ መስመር አገኝ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። የመንገድ አቧራ በጣት ሲታሽ ይሻክራል። ይሄ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የድሮ ልስን ነው። በወጣትነቴ ስንት ዓመት የዋጥኩትን አቧራ እንዴት እስተዋለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ሲጀመር ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ጠባብ ቀዳዳ ተሠርቶለት ነበር፤ የቆሸሸ አንሶላ ከየፎቁ ተጥሎ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ እንዲወርድ ነው። በመሃል ሐሳብ ተለወጠና አፎቹ ይደፈኑ ተባለ። የታችኞቹ በብሎኬት ተደፈኑ። አራተኛው ላይ፣ ልጄ የተኛችበት ክፍል ውስጥ ያለው አፍ ጋ ስንደርስ ብሎኬትም አለቀ፣ ሲሚንቶም አለቀ፤ ፎርማኑ ደግሞ፣ «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ አንድ ቀዳዳ እንዳላይ» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ጧት ደረጃ ላይ አዙሮኝ ወድቄ ነበር። ባሌ ቶሎ ጨርሶ ሊወስደኝ ቸኩሏል። ስስ ጣውላ ቆረጠ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ቸነከረ፣ ሽቦ ወጠረበት፣ በጀሶ ለሰነው። ሲጨርስ የቀዳዳው አፍ የት እንደነበር ለእኔ ለራሴ ጠፋኝ። «ሰኞ መጥቼ በብሎኬት እመልሰዋለሁ» አለ። ሰኞ ፎርማኑ ወደ ሌላ ሥራ ላከው። ተቆጣጣሪው ግድግዳውን በእጁ ዳብሶ አመስግኖ ሄደ ሲሉን፣ ሁለታችን ሳቅን። ነገሩን በሆዳችን ይዘን ኖርን። እሱም ለልጁ ሲያወራ ይህቺን ይዘልላት ነበር።

ሐኪሟ የነገረችኝ ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን አልተናገርኩም። ወደ ክፍሉ ስመለስ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ መዳፏ ልስኑ ላይ ነው። ከተናገርኩ አባቷን ሁለተኛ የምቀብርባት መሰለኝ። ደግሞም ማን ይሰማኛል? ባሬላ ተሸካሚ ስለ ሕንፃ ምን ታውቃለች ይሉኛል። መድኃኒቱ ይሠራ ይሆናል ብዬ ራሴን ደለልኩ።

በማግስቱ ጧት ስደርስ ሳሉ ደም ቀላቅሏል።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ስለ አባትሽ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ሌላ ሚስት ነበረችው እንዳትይኝ ብቻ።»

«ቀልዱን ተይና ስሚኝ።»

ነገርኳት። ስጨርስ እጇን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

«ጣውላ?» አለች።

«ስስ ጣውላ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ግድግዳ ሲኩራራብኝ?»

«ልስኑ እኮ እውነት ነው፣ ልስኑ...»

«እማ! ለሐኪሟ ነግረሻታል?»

«መጀመሪያ ላንቺ ልንገር ብዬ ነው።»

«እኔ ሐኪም ነኝ? ተነሽ! ሂጂ ጥሪያት!» ሳሉ አቋረጣት፤ በእጇ ግን ወደ በሩ ትገፋኝ ነበር።

ሐኪሟ የሕንፃ ጥገና ኃላፊውን ይዛ መጣች። ጠና ያለ ሰው ነው፤ የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ፣ መዶሻ በእጁ ይዟል። ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ቀዳዳ የለም። ይኸው።»

«ይህን የሳለው ሰው ባሬላ ተሸክሟል፣ ወንድሜ?»

ልጄ አንገቷን ከትራሱ ቀና አድርጋ፣ «የመጀመሪያው ፕላን ነው ወይስ በኋላ የተስተካከለው?» ብላ ጠየቀችው።

«የተስተካከለው ነው።»

«እሱማ የተደፈነውን ምን ብሎ ያሳያል?»

ሰውየው ፕላኑን ጠቅልሎ ቁምሳጥኑን ሊገፋ ትከሻውን አስጠጋ። ያኔ ጮህኩ።

«አትንካው! እሱ ከተነቃነቀ የተጠራቀመው ሁሉ ልጆቹ ላይ ነው የሚረግፈው! መጀመሪያ እነሱን አውጡ!»

በሕይወቴ አለቃ ላይ ጮኼ አላውቅም። አራቱም አልጋ ላይ ያሉት ሕመምተኞች አፈጠጡብኝ። ሰውየው፣ «ቆይ እንጂ፣ መኖሩን መቼ አረጋገጥንና!» አለ። ሶፍት ቀደድኩ፣ አንዱን ስስ ንብርብር ለየሁና ተንበርክኬ ከቁምሳጥኑ ጎን፣ ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበት ላይ ያዝኩት። መስኮቱም በሩም ዝግ ነው። ሶፍቱ ወደኔ ተገፋ፤ እየተርገበገበ ተንሳፍፎ ቀረ።

«ይሄ ነፋስ ከየት መጣ?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። ሲነሳ ፊቱ ሌላ ነው። «ሁለተኛ ፎቅ ላይ እዚህ ትይዩ ያለውን ብሎኬት ባለፈው ወር አፍርሰነዋል» አለ። የተናገረው ለሐኪሟ ነው፤ እኔን ለማየት አልቻለም።

ከምሳ በፊት አራቱም ሕመምተኞች ወደ ሌላኛው ክንፍ ተዛወሩ። የታች ሥራው ቆመ፣ ክፍሉ ታሸገ። ሐኪሟ በሁለት እጇ እጄን ይዛ፣ «ከዚያ ነው የመጣው ብዬ ልምልልዎ አልችልም፤ ይህ ነገር የትም አለ። ግን ትልቅ ነገር ነው ያሳዩን» አለችኝ። ደስ ሊለኝ አልቻለም። ከልጄ በፊት ከታመሙት ሁለቱ፣ አንዷ ድና ቤቷ ገብታለች፤ ሌላዋ ግን አልተረፈችም። እናቷን ኮሪደሩ ላይ አውቃት ነበር፤ ወንበር እንቀባበል ነበር። ስለ እሷ ስጸልይ ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአዲሱ ክፍል በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሟ ገና ብዙ ወር መድኃኒት እንደሚቀራት ነገረችን፤ ቢሆንም እየሳቀች ነው የነገረችን። እስከዚያ ቀን ልጄ ስለ አባቷ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለችም ነበር። ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጣችና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እማ፣ ሐኪሟ ስለ አቧራው የነገረችሽ ለእኔ በነገርሽኝ ቀን ነው?»

ልዋሽ እችል ነበር። «በዋዜማው ነው» አልኩ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱን ከምታጪው ብዬ...»

 «እኔን ብታጪኝስ?»

 ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ፤ አላባበለችኝም። ከዚያ ሻሼን ከፊቴ ላይ ገለጠችው።

«ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለች።

«ሁለተኛ አላደርገውም።»

«በይ አሁን ምንም ሳትዘልይ አውሪኝ። ያን ቀን ለስኖ ከጨረሰ በኋላ የት ወሰደሽ?»

ነገርኳት። ዝናብ ነበር፤ ጃኬቱን ራሴ ላይ ጥሎልኝ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግር ሄድን። አዋላጇ መስሚያዋን ሆዴ ላይ አድርጋ፣ «ልቧ ደህና ይመታል» አለች። እሱ፣ «እኔም ልስማ» ብሎ ያልታጠበ ጆሮውን ሆዴ ላይ ለጠፈ። ሲነሳ የጀሶ ነጭ ክብ ቀረብኝ። አዋላጇ፣ «ሰማህ?» ስትለው፣ «እንዴታ! እንደ መዶሻ ነው የምትመታው» አለ።

«በባዶ ጆሮ አይሰማም እኮ» አለች ልጄ።

«አይሰማም።»

ሳቀች። ሳሉ መጣባት፤ መሐረቡን አየሁት፣ ንጹሕ ነበር።

«ውሸታም» አለች። «ቀጥዪ።»