የአባዬን ምልክት የሚመልስ

ዓለምን ይገዛሉ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ እኛ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ፣ ዳይፐር ታጥቆ ተኝቷል። አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ፣ ጣሪያችን ሲያፈስ ባልዲ ከመደቀን ሌላ መላ ያልነበረው ሰው። ሰፈሩ ግን ፍሪሜሰን መሆኑን ካወራ ወዲህ፣ ወርቃችንን የት እንደቀበርን ነው የሚያስበው። እስቲ ይምጡና ይቆፍሩ! ከተገኘ እኔም ደስ ይለኛል።

ስትሮክ የመታው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱም ተያዘ። ከሆስፒታል ይዤው ስወጣ ሐኪሙ፣ "ይሰማል፣ ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ መናገሩን ግን አትጠብቂ" አለኝ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ከሱቅ ነቅዬ ሳሎን አመጣሁና፣ በአንድ ዓይኔ ጨርቁን፣ በአንድ ዓይኔ አባዬን እያየሁ መኖር ጀመርን። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅም የለው።

እጁን ማንሳት የጀመረው ያኔ ነው። ግራ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ ያደርጋል፣ ቀኙን ሊያስከትል ይታገላል፣ ቀኙ ከብርድ ልብሱ ትንሽ ተነስቶ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ያወርዳቸዋል። ዝቅ፣ ቆም፤ ዝቅ፣ ቆም። ዓይኑ ደግሞ ትክ ብሎ እኔን ነው። ውሃ እሰጠዋለሁ፣ አይደለም። ትራሱን አስተካክላለሁ፣ አይደለም። መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ አይደለም። "አባዬ፣ ምንድን ነው የፈለግከው? በናትህ!" እለዋለሁ። እንደገና ያነሳል። አንዳንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ "እንግዲህ ተወኝ!" ብዬ እጮህበታለሁ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን ይበላኝና ሄጄ ግንባሩን እስመዋለሁ።

ጉዱን ያፈላችው ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ እትዬ ሬዲዮ ነው የሚላት፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ሾርባ ይዛ ልትጠይቀው መጣች፣ አባዬም ለእሷ እጁን አነሳላት። ሴትዮዋ ክው አለች።

"ይሄን በስልክ አይቼዋለሁ! ምልክታቸው ነው!"

"የማን ምልክት?"

"የፍሪሜሰኖቹ ነዋ! እጃቸውን እንዲህ አድርገው ነው የሚጠሩት።"

"ማንን?"

"ማንን ትለኛለች እንዴ! ያንን ነዋ፣ ስሙን አልጠራም!" አለችና ሾርባዋን እዚያው ጥላ ወጣች። አባዬ እጁ ገና በአየር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላማ አይጣል ነው። በማግስቱ አንዷ ደንበኛዬ ስፌቱ እንኳ ሳያልቅ "ጨርቄን እንዳለ ስጪኝ" ብላ ወሰደች። ሌላዋ ልጇን ልካ አስወሰደች፣ ልጁ ደጅ ላይ ሆኖ ነው እጁን የዘረጋው። ከስልክ ላይ ያዩትን ይነግሩኛል፤ ደም ይጠጣሉ፣ ሰው ይሰዋሉ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉን ያያል። ድንቄም ሁሉን ማየት! አባዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው።

አባል መሆኑን እኮ ከእኛ ደብቆ አያውቅም፤ የሚደብቀው ውስጥ የሚደረገውን ነበር። እናቴ "ሚስት የማትገባበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?" እያለች ታበሽቀዋለች፣ እሱም ጥቁር ኮቱን እየቦረሸ ይስቃል። ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ በር በላይ ያለው ኮምፓስና ስኳድራ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ የራሱን ስኳድራ፣ ያን የማዕዘን መለኪያውን፣ አውጥቶ "ሥራሽም ጠባይሽም ከዚህ እንዳይጣመም ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም" አለኝ። ድሮ የድንጋይ ጠራቢዎችና የግንበኞች ማኅበር ነበር አሉ፤ በኋላ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ገቡበትና መሣሪያው ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ምን ያህል ድሮ እንደሆነ እነሱም አይስማሙም። ገሚሱ እስከ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ ድረስ ይወስደዋል፤ አባዬ ግን "ያልነበርኩበትን አልመሰክርም" ይላል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚወደው ውሃ ልኩን ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ውሃ ልክ ማለት ሁሉም እኩል ነው ማለት ነው፤ የጥርስ ሐኪሙም፣ ሰዓት ሠሪውም፣ ዳኛውም፣ እሱም። ዳኛውን በተለይ ነፍሱ እስኪወጣ ነው የሚወዳቸው። አባዬ የፍርድ ቤቱን ሊፍት ከፍቶ፣ እስከ ክርኑ ግሪስ ተለቅልቆ ሲሠራ፣ እኚህ ሰውዬ በአጠገቡ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩትም። አዳራሹ ውስጥ ግን "ወንድሜ" ብለው ከጎናቸው ያስቀምጡታል። እኔ በዚህ እንዴት እንደምናደድ! "ቀን የማያውቅህ ሰው ማታ ምን ወንድም ይሆንሃል?" ስለው "ውጪ ውጪ ነው፣ አንቺ አይገባሽም" ይለኛል። እውነትም አልገባኝም።

እንግዲህ እትዬ ሬዲዮ "ምልክታቸው ነው" ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሴትዮዋን ስረግም ውዬ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የመጋረጃ ጫፍ ሳጥፍ ድንገት ትዝ አለኝና መርፌው ጣቴን ለጥቂት ሳተኝ።

ወጣት ሳለሁ ስፌት ልማር ወደ ሌላ ከተማ ልሄድ ነበር። አባዬ ሻንጣዬን አስሮ ሲጨርስ የወጥ ቤቱን በር ዘጋና "አንድ ነገር ላሳይሽ ነው፤ ማሳየት የለብኝም፣ እናትሽም አታውቅ" አለኝ። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አነሳ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ አወረደው። "ሰው ሁሉ ያለቀብሽ ቀን እንዲህ አድርጊ። ከወንድሞቼ አንዱ እዚያ ካለ አይቶ አያልፍሽም። ምለናል" አለ። የልጅ ነገር፣ እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። "ፖሊስ ብጠራ አይሻልም አባዬ?" አልኩት። ያየው ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ስጠይቀው ደግሞ "እሱን የሚመልሰው ያውቀዋል፣ አንቺ መጥራቱን ብቻ ያዢ" አለኝ። እኔም ሳልጠራ ኖርኩ፣ ረሳሁትም።

ምልክቱ ያው ነው፤ ግማሹ ሽባ ስለሆነበት ነው ያላወቅሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ውሃ ስሰጠው፣ ትራስ ሳስተካክልለት፣ ስጮህበት፣ እሱ "ድረሱልኝ" እያለ ነበር። ወይ ነዶ! ምላሱ ተይዞ የቀረው ቋንቋ ያ ብቻ ነው፣ ያንን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ የለም። ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና "አባዬ፣ ወንድሞችህን ነው የምትጠራው?" አልኩት። እንባው ወረደ። "አመጣልሃለሁ" አልኩ። ምን ተማምኜ እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሳይሞት አንድ ሰው ይመልስለት፣ አንዴ ብቻ።

የጥርስ ሐኪሙ ሞቷል። ሰዓት ሠሪው ልጆቹ ጋ ባሕር ማዶ ሄዷል፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አዳራሹ፣ በስልክ ስለ ፍሪሜሰኖች የሚወራው ወሬ መጀመሪያ የተነሳ ሰሞን መስኮቱ በድንጋይ ወርዶ ከተዘጋ በኋላ፣ አሁን ሶፋ መሸጫ ሆኗል። ገብቼ ቆምኩ። ወለሉ ያው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከበሩ በላይ የነበረውን ምልክት ግን በሲሚንቶ ደፍነውታል። ሻጩ "ባለ ሦስት መቀመጫ ነው ወይስ ባለ አራት?" ሲለኝ ለሶፋ እንዳልመጣሁ ነገርኩት። ስለ ድሮዎቹ ሰዎች ስጠይቀው ግራ ቀኙን አየና "እህቴ፣ ወሬው እንዲነሳብን አንፈልግም" አለኝ።

የቀሩት ዳኛው ብቻ ናቸው። ልጃቸው ቤት እንደሚኖሩ አጠያይቄ ደረስኩበት። ስልክ ብደውል እምቢ ይሉኛል ብዬ፣ አባዬን አጥቤ፣ ላጭቼ፣ ጥቁር ኮቱን አለበስኩት። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ከኋላ በመርፌ ያዝ ያዝ አደረግሁለት። ባለታክሲው አቅፎ ከመኪናው አውርዶ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀመጠልኝ። አባዬ ወዴት እንደምንሄድ ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደበራ! ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ደወሉን ተጫንኩ።

በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ናት። ጎልማሳ፣ ጨዋ ሴት። "የአባቴ የሥራ ባልደረባ ናቸው?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ፣ ምን ልበል? ሳሎን አስገባችን። ዳኛው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አባዬን ሲያዩ ከዘራው ላይ ያለው እጃቸው ጠበቅ አለ።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ" ብዬ ሳልጨርስ አባዬ እጁን አነሳ። ግራው ከራሱ በላይ ሄደ፣ ቀኙ ተንቀጠቀጠ፣ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ከፍ ብሎለታል። ዝቅ፣ ቆም፤ ዝቅ፣ ቆም።

ዳኛው ብድግ ሊሉ ቃጣቸው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው ነበር። ከዚያ በሩ ጋ ወደ ቆመችው ልጃቸው ተመለከቱና መልሰው ተቀመጡ።

"ውሃ የጠማው ይመስለኛል" አሉ። "ልጄ፣ ውሃ አምጪለት።"

አባዬ ያላዩት መሰለው መሰለኝ፣ እንደገና አነሳ። ልጅቱ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ዳኛው እግር ሥር ተንበረከክሁ።

"ጋሼ፣ አሁን ማንም የለም። ከታመመ ጀምሮ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው። እባክዎ፣ የሚመለሰውን ይመልሱለት፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።"

"ምን እንደምትዪ አልገባኝም።"

"ይገባዎታል እንጂ! እሺ፣ እርስዎ ከፈሩ ለእኔ ይንገሩኝ፤ ቤቴ ወስጄ እኔው እመልስለታለሁ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት እየሰደቡብኝ ነበር። ልጄ አስምላኛለች፣ ያ ነገር እዚህ ቤት አይነሳም። ተይኝ፣ በፈጠረሽ።"

አባዬ ይሰማል። ሁሉም ነገር ይገባዋል። ሐኪሙ ነግሮኛል አላልኩም? እጁ በአየር ላይ ሆኖ ዳኛውን ያያል።

ልጅቱ ውሃውን ይዛ ተመለሰችና "አባባ፣ ለመሆኑ ማን ናቸው?" አለች።

"የፍርድ ቤቱን ሊፍት ይጠግን የነበረው ነው" አሉ ዳኛው። "ስሙ ጠፍቶብኛል።"

ያን ጊዜ የአባዬ እጅ ወረደ። እንደወትሮው በደረጃ አልወረደም፤ ዝም ብሎ ጭኑ ላይ ወደቀ። ልጅቱ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አስጠጋችለት፣ እሱም ጠጣ። የተጠማ ሰው ሆኖ ጠጣላቸው! እኔ ሽማግሌውን ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን አባዬን ሳየው ተውኩትና ወንበሩን እየገፋሁ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እሱን ላለማየት ከመስኮቱ ውጪ ዓይኔን ተክዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አንስቶ አያውቅም። እትዬ ሬዲዮ ሁኔታውን በመስኮት ስትሰልል ሰንብታ፣ በመጨረሻ ደፍራ ገባች። አልጋው አጠገብ ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ እጁ አልተነሳም። "ተመስገን! ለቀቀው!" ብላ እልል አለች። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ሴትዮዋ ከልቧ ነው፣ ያ ነው የሚያቃጥለው። ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ደንበኞቼ መጋረጃቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ያቺ ልጇን የላከችውም ራሷ መጥታ አባዬን "እሰይ፣ ተሻለዎት" አለችው። ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል።

ሰው ሲወጣልኝ አጠገቡ እሄዳለሁ። "አባዬ፣ አንሳ እስቲ፣ እኔ አለሁ" እለዋለሁ። ግራ እጁን ይዤ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ስለቀው እንደ ሰው ዕቃ ይወድቃል። ምግብ በማንኪያ ሳቀርብለት አፉን አይከፍትም። ሐኪሙ መጥቶ አየውና "ሰውነቱ ደክሟል" ብሎኝ ሄደ። እየሞተብኝ ነው፣ ምን ይደበቃል።

ትናንት የመጨረሻዋ ጠያቂ ስትወጣ በሩን ዘጋሁና አልጋው ፊት ቆምኩ። ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁ። አንዴ ያሳየኝን እያስታወስኩ አወረድኩ። ዝቅ፣ ቆም፤ ዝቅ፣ ቆም። "አባዬ፣ እኔ ነኝ የቸገረኝ" አልኩት። "ሰው ያለቀብኝ እኔ ነኝ። መልስልኝ።" ረጅም ጊዜ አየኝ። ምልክቱን ያውቀዋል፣ መልሱንም ያውቀዋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።