መርዶ በባቡር

ወለተሩፋኤል በምን ትምጣ የሚለው ነገር የተቆረጠው ልጇ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ በመሪጌታ ገብረ ኪዳን ጓሮ ነው። ልጇ መልካሙ ሐሙስ ዕለት ከዛሪማ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ዓርብ ተቀበረ። እሷ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ድሬዳዋ የምትኖረው ሴት ልጇ ሕሊና እርጉዝ ሆና ጠርታት ከሄደች አምስት ወሯ ነው፤ ሕሊና የተገላገለችው ደግሞ ገና ከሃያ ቀን በፊት ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም። እናትም ብትሆን በስልክ አይነገራትም። እንዲያ የሚያደርግ ሰው ጎንደር ውስጥ ቢገኝ፣ ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው የለም። ወጉ የታወቀ ነው፤ ቤቷ ትገባለች፣ ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድና የነፍስ አባት ተሰብስቦ ያረዳታል።

ችግሩ እስከዚያ ጎህ ድረስ እንዴት ትድረስ ነው። የሟች ባሏ ወንድም መሪጌታ ገብረ ኪዳን አውሮፕላን የሚባል ነገር እንዳይነሣባቸው ከለከሉ። ወደ ጎንደር የሚበረው ግማሹ የደብራቸው ሰው ነው፤ አንዷ ጥቁር የለበሰች አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ብታለቅስ መርዶው ሰማይ ላይ ይሆናል አሉ። እስከ አዲስ አበባ ብቻ ትብረር ላሏቸውም መልስ ነበራቸው፤ አንዴ ቦሌ ከደረሰች የጎንደሩን እንዳትሳፈር ማን ይይዛታል? እናም በምድር ትምጣ ተባለ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ የመንገዱን ሰላም አጣርቶ በዘመዳቸው በኃይለ ማርያም መኪና ሁለት ቀን። ቅዳሜ ማታ ትገባለች፤ እሑድ ጎህ ላይ ይነገራታል።

የሚያመጣት ክንዱ ሆነ። ክንዱ የእህቷ ልጅ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ ሞታበት ከመልካሙ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ያደገው በሷ ቤት ነው። አሁን ሒሳብ ያስተምራል። እሱን የመረጡት ስለምታምነው ነው፤ በዚያው ምክንያት እሱ ራሱ ባይመርጡት ይወድ ነበር። እምቢ እንዳይል ደግሞ የሽማግሎቹ ዐይን አላፈናፈነውም።

ከተሰበሰበው ሰው ባቡር የተሳፈረ አንድም አልነበረም። ክንዱ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሳሊም ዘንድ ሄደ፤ ሳሊም ዕቃ ለማምጣት ድሬዳዋ ይመላለሳል። ሳሊምም እንደ ታላቅ ወንድም አስቀምጦ አስረዳው። ጣቢያው ከከተማ የራቀ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ። መታወቂያ እንዳትረሳ፣ ያለ መታወቂያ ቲኬት የለም። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ምግብና ውሃ ያዝ። ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለህ፤ ግመል ሐዲዱ ላይ ከወጣ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደምትቆም አላህ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሚኤሶ ወዲህ ብዙ ቦታ ኔትወርክ እንደሌለ ነገረው። ክንዱን ደስ ያሰኘው ይኼ የመጨረሻው ነበር።

ድሬዳዋ ሲደርስ ሰበቡ ተዘጋጅቷል። ዘመድ ታሟል የሚባለውን ሰበብ ማንም አልደፈረም፤ እሱን የሰማ ሁሉ ወዲያው ነጠላውን አዘቅዝቆ ማልቀስ ይጀምራልና። የቤቱ ካርታ ሊታደስ ነው፣ ባለቤቷ ራሷ ቀርባ ትፈርም ተብሏል አላት። የሕሊና ባል ሰውአገኝ ነገሩን ያውቃል፤ የሚስቱን ስልክ ጨረሩ ለሕፃኑ አይበጅም ብሎ ደብቆታል፣ የአማቱን ደግሞ ላሠራው ብሎ ወስዶ አልመለሰውም። ወለተሩፋኤል አራሷን ጥላ መሄዱ ከነከናት፤ የሰውአገኝ እህት መጥታ ስትተካት ግን በሳምንት እመለሳለሁ ብላ ተነሣች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምነው በአውሮፕላን ብንሄድ?

ክንዱ ሲመጣ ጆሮውን እንዳመመውና ሐኪም መብረር እንደከለከለው ነገራት። ለማስረጃም ጥጥ ወተፈበት። እሷም ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቃ ጆሮው ውስጥ አንጠባጠበችለት፤ ክንዱ ጤነኛ ጆሮውን ይዞ ሁለት ቀን ነጭ ሽንኩርት ሲሸት ሰነበተ።

ሐሙስ ጠዋት ተሳፈሩ። ወለተሩፋኤል መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ከፊት ለፊታቸው ሰሚያ የምትባል የድሬዳዋ ሴት አለች፤ ገና ከመቀመጧ ብርቱካን አቀረበችላቸው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ወለተሩፋኤል የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች፤ አለመንገጫገጩን ስታይ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ ተጣብቃ ቀረች። በአውሮፕላን ስትሄድ ደመና ብቻ እንዳየች፣ እንዲህ ያለ አገር እንዳለን እንደማታውቅ፣ ባቡሩ መሪ የለውም የሚባለው እውነት ከሆነ ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሠራ ትናገራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትስቃለች። እሷ በሳቀች ቁጥር ክንዱ ዐይኑን ወደ ወለሉ ያወርዳል።

«ሊማሊሞ ላይ እንዲህ ያለ ሐዲድ ቢኖር» አለች ድንገት፣ «ልጄን እያሰብኩ ሌሊት ባልነቃሁ ነበር።»

ክንዱ ውሃ ጠጣ። ጠርሙሱን ከአፉ ለማውረድ ጊዜ ወሰደ።

መልካሙን በአምስት ወር ውስጥ ስታነሣ የመጀመሪያዋ ነው። ተጣልተው ነው የተለያዩት። አባቱ መሪጌታ ነበር፤ መልካሙም አቋቋም ተምሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ የአባቱን ቦታ ይተካል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እሱ ግን መቋሚያውን አስቀምጦ የጭነት መኪና ያዘ። ድሬዳዋ ልትሄድ የተነሣች ዕለት ቦርሳዋን ሊሸከምላት ቢመጣ ከእጁ ነጥቃ፣ እናቴ አትበለኝ ብላው ወጣች። ክንዱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሚኤሶን ካለፉ ሰዓት ያህል ሆኗቸው ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሜዳ ላይ ቆመ። ግመል ነው ተባለ። ሰው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ሕፃናት አለቀሱ። ሙቀቱ ገባ። ወለተሩፋኤል ግን ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና ወደ ክንዱ ዞረች።

«ለመልካሙ ደውልልኝ» አለችው።

እንዴት አሁን አስታወሽው ለማለት ሞከረ። ቆይቷል አለችው፤ የሕሊናን ልጅ ያቀፈችበት ዕለት ነው የቆረጠችው። በር ላይ ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ማለት አትችልበትም። አሁን በስልክ ትለዋለች፤ ከዚያ ቅዳሜ ስትገባ እንዳያፍርባት፣ እሷም እንዳታፍርበት። ክንዱ ስልኩን አውጥቶ ነካካው። ኔትወርክ የለም አላት፤ ሳሊም እንዳለው እውነቱን ነበር። በሆዱ ሳሊምን መረቀ።

«የኔ ይሠራል እማማ» አለች ሰሚያ፣ ስልኳን እየዘረጋች።

ወለተሩፋኤል የልጇን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እንዳያበላሽባት ብላ ራሷ በጣቷ ጫና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ክንዱ ስልኩ ሲጠራ ይሰማዋል። የመልካሙ ስልክ ሚስቱ ናዝራዊት እጅ እንዳለ ያውቃል፤ ለሚደውል ሁሉ የምትመልሰው እሷ ናት። ይዘጋል፣ ባትሪው አልቋል፣ አትሰማም እያለ ተመኘ። አራት ጊዜ ጠራና አንድ የሻከረ የሴት ድምፅ ሃሎ አለ። ክንዱ ስልኩን ከአክስቱ ጆሮ ነጥቆ ዘጋው።

ሰሚያ ደንግጣ አየችው። ወለተሩፋኤል እጇ ባዶውን ጆሮዋ ሥር እንደቆመ ቀረ።

«ናዝራዊት ናት» አለች ቀስ ብላ። «ድምጿ ምነው?»

ፊቱን አየችው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስታጥብለት የኖረችውን ፊት።

«ክንዱ። ልጄ አለ?»

አለ ማለት አንድ ቃል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ የከበደ ሲዋሽ ሰንብቷል። ሽማግሎቹ ታዩት፤ መሪጌታ ታዩት፤ ይህን ካበላሸ ዕድሜ ልኩን የሚጠራበት ስም ታየው። አለ ሊል አፉን ከፈተ።

«የለም እቴቴ» አላት።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ጨብጣ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ እስኪያፍናት ድረስ ከተተችው። ሰሚያ ነገሩ ገባት። ተነሣችና ሻርፗን ዘርግታ መተላለፊያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ የሚያልፍ ሰው እንዳያይ። ክንዱ ይህችን ሴት ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

ወለተሩፋኤል ነጠላውን ስታወጣ ዳሩ ረጥቦ ነበር። መቼ አለችው፤ ዛሬ ሳምንቱ ነው አላት። የት አለችው፤ ነገራት። ማን አጠበው ስትለው እኔ አላት። ራሷን ነቀነቀች፣ እሱ ስላጠበው አመሰገነችው። ከዚያ ሁሉ በኋላ የፈራው መጣ።

«ተቀይሞኝ ነው የሞተው?»

አልተቀየመሽም ማለት ይችል ነበር። መዋሸትን አሁን ተክኖበታል፣ ይኼኛው ደግሞ የሚያስመሰግን ውሸት ነው። ግን ከመልካሙ ጋር ስለሷ ተነጋግረው አያውቁም። እሷ በሄደች በነጋታው ስሟን ሲያነሣበት መልካሙ ፊቱን አዙሮ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር የሄደው።

«አላውቅም» አላት።

የረጠበውን የነጠላዋን ዳር አጠፈችው። ባቡሩ እንደቆመ ነው።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ብትለኝ አላምንህም ነበር።»

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከውሃው አፍስስልኝ ብላ ፊቷን ታጠበች። ዳቦውን አውጣ አለችው። ክንዱ ገርሞት አያት። ከዚህ የማይተናነስ ሐዘን ባሏ ሲሞት ደርሶባታል፤ ያን ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

«ያልበላ ሰው ፊቱ ያስታውቃል» አለችው። «እኔ አልሰማሁም። አንተም አልነገርከኝም። እሑድ ጎህ ሲቀድ መጥተው ይነግሩኛል።»

ለምን ብሎ ጠየቃት። ስለኔ ብለሽ ከሆነ እኔ የመጣውን እችላለሁ አላት። ስላንተም ነው አለች፤ መሪጌታ እስኪሞቱ ድረስ ዐይንህን አያዩም። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ባዶው ሜዳ እያየች የቀረውን ነገረችው። እዚህ ብታለቅስ ልጇን የሚያውቀው የለም። አቋቋም ሲቆም ያየው የለም፣ መኪና ሲነዳ ያየው የለም፣ ሲስቅ የሰማው የለም። እሱን በማያውቅ ሰው መሃል አታለቅሰውም፤ ለሚያውቁት ይዛው ትገባለች።

ያን ቀንና የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት ክንዱ እንዴት እንዳለፉ አያውቅም። አዲስ አበባ የተቀበላቸው ኃይለ ማርያም የሷን አለመስማት አምኖ፣ እንዳይሳሳት ምላሱን ነክሶ ይነዳል። እሷም እሱ እንዳይነቃባት ትጠብቃለች። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ የጤፍን ዋጋ ጠየቀችው። ደብረ ማርቆስ ላይ አራሷ እንዴት እንደሆነች አወራችው። በመካከላቸው የተቀመጠው ክንዱ ሁለቱንም ስለሚያውቅ ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲያልፋቸው፣ እጇ መጥቶ ክንዱን ጨበጠው፤ እስኪያልፍ ድረስ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጎንደር ገቡ። ጎረቤቶች ጥቁራቸውን አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሳይስቁ ፈገግ እያሉ ተቀበሏት። ናዝራዊት እንዳትታይ መሪጌታ ቤት ተደብቃለች። ወለተሩፋኤል ሁሉንም ሳመች፣ ስለ ካርታው ጠየቀች፣ ደክሞኛል ብላ ገብታ ተኛች። መልካሙስ አላለችም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ተጣልተው የለ እንዴ፣ እንዴት ብላ ትጠይቀው ተባለ።

ጎህ ሲቀድ ሠላሳ ሰው ያህል ግቢዋን ሞላው። በሩ ተንኳኳ። ወለተሩፋኤል ነጠላዋን እያስተካከለች ወጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከነፍስ አባቷ አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወለተሩፋኤል፣ ልጅሽ መልካሙ ካረፈ ዛሬ ዐሥር ቀኑ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሴቶቹ ሊይዟት ተዘጋጅተው ነበር። ትወድቃለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብለው ነው። ወለተሩፋኤል ግን አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ሦስት ቀን ሙሉ ስትውጠው የኖረችው አልመለስ ብሏታል። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። ግቢው ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመ፤ አንዲት ሴት ለሌላዋ አንድ ነገር አንሾካሾከች። መሪጌታ ቀስ ብለው ዐይናቸውን ወደ ክንዱ መለሱ።

ክንዱ ያን ዐይን አየ። አንድ ነገር ማድረግ፣ አንድ ነገር መናገር እንዳለበት አወቀ። የታየው ግን ያጠበው የመልካሙ እግር ነው። አጥቦ፣ ገንዞ፣ እናቱን አምጣ ተብሎ ሲጣደፍ፣ ቲኬት ሲቆርጥ፣ ሲዋሽ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደገውን ወንድሙን አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብሎ አላለቀሰውም።

«ወንድሜን» አለ። ከዚያ በመካከላቸው ወደቀ። ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አስተማሪው ክንዱ፣ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ወለተሩፋኤል ተነሣች። ሊይዟት የተጠጉትን ሴቶች ገፍታ አፈሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ራሱን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አልቅስለት ልጄ» አለችው። «አልቅስለት፣ ይኸው ሁሉም ያውቁታል።»

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ከዚያ የልጇ ስም ወጣ፣ አጥሩን አልፎ መንገድ ድረስ የተሰማ። ሴቶቹ ተቀበሏት። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ሁለቱን አይተው ጥምጣማቸውን አወለቁና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማን ማንን እንዳረዳ አልጠየቁም።