ሹክሹክታ ገጹን ያጠቆረች ዕለት

የቲያትር ቤቱ ሰው ሁሉ «ሹክሹክታ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ነበራት፤ የሚጠራት ግን የለም። ሥራዋ ቃል ማስታወስ ነው። በመድረኩ ግራ ጥግ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጨለማ ውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቀስ ብላ ታቀብለዋለች። ተመልካች አያያትም፣ አይሰማትም፣ መኖሯንም አያውቅ። በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ሥራዋን ጥንቅቅ አድርጋ ትችላለች፤ መቻሏንም ታውቃለች።

ሰሞኑን ግን ሁለት ነገሮች እንቅልፍ ነስተዋታል። አንዱ ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድም ጋሼ የቤቱ አንጋፋ ተዋናይ ሲሆን በአዲሱ ቲያትር ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ አባት ሆኖ ይሠራል። በልምምድ ላይ በማይሆን ቦታ ዝም እያለ ሰውን ሁሉ አስቸገረ። አዘጋጁ፣ ዕድሜው ለጋ ቢሆንም በሥራ ጨከን ያለ ልጅ፣ ሹክሹክታን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት።

«ጋሼ የእሁዱ ትርኢት ላይ ከተሰናከሉብን ቦታቸውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ቃል መያዝ ያቃታቸውን ሰው መድረክ ላይ ማቆም ለራሳቸውም ውርደት ነው።»

ዋጥ አደረገችው። ለወንድሟ አልነገረችውም።

ሁለተኛው ዓይኗ ነው። ድሮ ድርሰቱ በወረቀት ነበር የሚመጣው። ይሄ አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ሳይለውጥ ስለማይውል ድርሰቱ ታብሌት ውስጥ ገባ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያን ወለል ያለ ነጭ ገጽ ሙሉ ትርኢት ሲያፈጡበት ዓይን ያጠፋል። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊደሉ ይደራረብባታል። አንድ ቀንማ መስመር ስታ የሚስትን ቃል ለባል አቀበለች። ባል ሆኖ የሚሠራው ደግሞ የሰጡትን ሁሉ የሚቀበል የዋህ ነውና ደረቱን ነፍቶ «አርግዣለሁ» አለ። ልምምድ ስለነበር ተሳቀና አለፈ። እሷ ግን አልሳቀችም።

እሁድ ረፋድ ላይ ልጇ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷን እርጥብ ፎጣ ዓይኗ ላይ ጥላ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«የዚህ ታብሌት መብራት ዓይኔን ጨረሰው።»

«እስቲ አምጪው።» ልጅቷ ታብሌቱን ተቀብላ ነካ ነካ አደረገችው። ገጹ ጥቁር ሆነ፤ ፊደሉ ነጭ።

«አበላሸሽው በቃ።»

«ምን አበላሸዋለሁ፣ ዳርክ ሞድ ነው። ጨለማ ውስጥ ለምታነብ ሰው ይሄ ይሻላል። ፀሐይ ላይ ስትሆኚ እዚች ጋ ነክተሽ ወደ ነጩ መልሺው። መድኃኒት ነው አልልሽም፤ ግን ዓይንሽን ያሳርፈዋል።» ፊደሉንም ተለቅ፣ ብርሃኑንም ቀነስ አደረገችላት።

ሹክሹክታ አየት አደረገችው። ፊደል የቆጠረችበት ሰሌዳና ጠመኔ መሰላት። «ይሄን እያወቅሽ ነው ዓይኔ ሲጠፋ ዝም ያልሽኝ?»

«መች ጠየቅሽኝ? ደህና ነኝ ስትዪኝ ነው የከረምሽው።»

ታብሌቱን ተቀብላት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠችው ልቧ ሞልቶ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንደ ውሃ ፈሰሰ። ዓይኗ አላነባ፣ ፊደሉ አልተደራረበ። ዛሬ ማንም አይሰናከልም፣ ቢሰናከልም እኔ አለሁ አለች በልቧ።

መሸኛው ደረሰ። አባት ፊቱን ወደ ተመልካች አድርጎ ቆሟል። ልጁ ከኋላው ሻንጣውን አንስቶ «አባባ፣ እንግዲህ ልሂድ» አለ። አባት ዝም። ሹክሹክታ «ሂድ ልጄ» ብላ አቀበለችው። አሁንም ዝም። ወንድም ጋሼ ወደ ግራ ዞረ። ዓይኑ ጥጉን ዳሰሰ፣ በላይዋ አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። የፊተኛው ረድፍ እስኪሰማት ድረስ ድምጿን ከፍ አደረገች። ልጅ ሆኖ የሚሠራው ከወንድሟ ይበልጥ ከእሷ ርቆ ቆሞ ሳለ ሰምቷት ዘወር አለ። ወንድሟ ግን አልሰማም።

ያን ጊዜ ገባት። ጭንቅላቱ አይደለም፣ ጆሮው ነው። በልምምድም ዝም የሚለው ሁሌ የሚያናግረው ሰው ከኋላው ሲሆን ነበር። እሷንም ቢሆን ሰምቷት አያውቅም። ያ ዓይኗን የፈጀው ነጭ ገጽ ፊቷን ሲያበራላት፣ እሱ ቃሉን ከከንፈሯ ላይ ነበር የሚያነበው። ዛሬ በገዛ እጇ ጨለማ ውስጥ ጥላዋለች።

ልጇ ያሳየቻትን ቦታ ነካች። ገጹ ነጣ፤ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት፤ ፊቷም ከጨለማው ወጣ። ያለ ድምፅ፣ አፏን ከፍታ ቃሉን አንድ በአንድ ሠራችለት። ሂድ ልጄ። በሩን አልቆልፈውም።

ወንድም ጋሼ አገኛት። ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረና አለው። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች።

ትርኢቱ እንዳለቀ አዘጋጁ እየሮጠ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባ። «ጋሼ፣ ያቺን ዝምታ ከየት አመጧት? በየትርኢቱ ትደገምልኝ።» ወንድም ጋሼ ጢሙን ዳበሰና ራሱን ነቀነቀ። ግማሹን እንኳ እንዳልሰማ ሹክሹክታ አወቀች። አዘጋጁ ሲወጣ በሩን ዘጋችና በመስተዋቱና በወንድሟ መሀል ገብታ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጆሮህ። ወንድም ጋሼ፣ እኔን አታሞኘኝ።»

ፊቱን በፎጣ ጠረገ። ተናደደች፤ አንጀቷንም በላት። «የረሳ ሰው ያስታውሱታል» አላት በመጨረሻ። «የማይሰማን ማን ያሠራዋል ብዬ ነው።»

«እነሱ ደግሞ ጃጅቷል ብለው ሊያወርዱህ ነበር። ዛሬ ብትሰናከል አብቅቶልህ ነበር።»

«እና ምን ይሻላል፣ እታለም?»

«ወይ አንተ ትነግረዋለህ፣ ወይ እኔ።»

በማግስቱ ራሱ ነገረው። አዘጋጁ አፈረ፤ እንዳፈረ ግን አልቀረም። በቲያትሩ ልጅየው ከኋላ ሆኖ የሚሰናበትበትን ቦታ ፊት ለፊት አደረገው፣ «ድሮም እንዲያ ነበር ማድረግ የነበረብን» አለ፣ ጆሮ ሐኪም ጋም ራሱ ቀጠሮ ያዘለት። ቦታው የወንድም ጋሼ ሆኖ ቀረ።

የቀረው የሹክሹክታ ነገር ነው። እሷ ጥቁር ገጽ ይሻላታል፣ እሱ ደግሞ የበራ ፊት። ማንንም አላማከረችም። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራት ገዛችና ወደ አፏ አዞረቻት። ገጹ እንደጠቆረ ይቀመጣል። ልጇ ሳሎኑን አጨልማ ከወዲያ ጥግ ሆና ፈተነቻት።

«ፊትሽ ይታያል፣ ከንፈርሽ ግን አይለይም» አለችና ከቦርሳዋ ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ አወጣች።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«እዚያ ጨለማ ውስጥ ማን ያይሻል?»

«እሱ ያየኛላ» አለችና ከንፈሯን አሞጥሙጣ ሰጠቻት።

በሚቀጥለው እሁድ ወንድም ጋሼ አንዲት ቃል እንኳ አልጠፋችበትም። መሸኛው ላይ ልጁ ፊት ለፊቱ ቆሞ «ልሂድ» ሲለው በደንብ ገብቶታል፤ መልሱንም ያውቀዋል። እንደዚያም ሆኖ ወደ ግራ ዞረ። ቀዩን ከንፈር አየና ጠበቃት።

«ሂድ ልጄ። በሩን አልቆልፈውም» አሉ፣ እሱ በድምፁ፣ እሷ በከንፈሯ።