ለዶክተር ቬርነል የተደረገ አቀባበል

አቶ ሰይፈሚካኤል ሀዋሳ መሃል ከተማ የሚገኝ የግል ኮሌጅ ዲን ናቸው። ለጥበቃ ኃላፊዎች በተዘጋጀው ሥልጠና ላይ የሚያስተምር አሜሪካዊ ከተገኘ ወዲህ መሬት አልበቃቸውም። ዶክተር ቬርነል ሃስኪንስ የሚባሉት አሠልጣኝ በተወለዱበት ከተማ የፖሊስ ኃይሉን የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ መምህርት ሆኑ። ይህ ሁሉ በላኩት የሕይወት ታሪክ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። ዲኑ ያነበቡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አየር ማረፊያው ድረስ ሄደው ከአስተርጓሚው መምህር ናሆምና አበባ ከያዘች ጸሐፊ ጋር ተሰለፉ። ስም የተጻፈበት ወረቀት አልያዙም፤ አሜሪካዊ ራሱ ይታወቃል ተባለ። አንዲት ሻርፕ የደረቡ ጠይም አዛውንት ቀርበው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዲኑ ቀደሟቸው።

"እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን። እንግዳ እየጠበቅን ነው።"

ከኋላቸው ካሜራ ያንጠለጠለ ረጅም ነጭ ሰው ብቅ አለ። አበባው ለእሱ ተሰጠ። ሰውየው የሐይቁን ወፎች ሊያይ የመጣ ጡረተኛ ነበር፤ መኪናው የሆቴሉ መስሎት አመስግኖ ገባ።

አዛውንቷ ባጃጅ ይዘው ኮሌጁ በር ላይ ደረሱ። የበሩ ጥበቃ ታቢታ ከዚያው ኮሌጅ በማኔጅመንት በማዕረግ ተመርቃለች። ኮሌጁ ተመራቂዎቼ ሥራ አያጡም ብሎ ስለሚያስተዋውቅ እሷን በሩ ላይ ቀጥሯታል። በአማርኛ ሰላም አለቻቸው፤ አልገባቸውም። በሲዳምኛ ሞከረች፤ ፈገግ አሉ። በእንግሊዝኛ ተግባቡ። ቦርሳቸውን እንደ ደንቡ ፈተሸች፤ ፓስፖርታቸውን ተቀብላ በሩ ላይ ከተሰቀለው የእንኳን ደህና መጡ ባነር ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያየች። ከዚያ ሻንጣቸውን ተሸክማ ወደ አዳራሹ መራቻቸው።

የወፍ ተመልካቹ መድረክ ላይ ነበር። ፖሊስ አለመሆኑን ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ ዲኑ ግን ትልቅ ሰው ትሑት ነው ብለው አስጨበጨቡለት። ግራ ሲገባው ስለሚያውቀው ነገር ማውራት ጀመረ። ወፍ በጥድፊያ ሲቀርቧት እንደምትበር ሲያስረዳ፣ ናሆም እንጀራው እንዳይቋረጥ ወንጀለኛ በጥድፊያ አይያዝም ብሎ ተረጎመው። ጎጆው መሸሸጊያ፣ እንቁላሉ ማስረጃ ሆነ። ሠላሳዎቹ ሠልጣኞች ሁሉንም ጻፉ።

ታቢታ ስትገባ ዲኑ በዓይናቸው ሊመልሷት ሞከሩ። እሷ ግን ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

"ዶክተር ቬርነል እኚህ ናቸው። ፓስፖርታቸውን አይቻለሁ።"

ሰውየው እፎይ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ። ዲኑ ማይኩን ተቀብለው ይህ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የንቃት ፈተና እንደነበር ገለጹ። ጭብጨባው ከበፊቱም ደመቀ።

ዶክተሯ ትርጉሙ እስኪያልቅ ታገሡ። አዛዥ ሳሉ በገዛ ቢሯቸው በር ላይ እየቆሙ አለቃው የት ነው የሚሏቸው ብዙ ነጮች እንደነበሩ ተናገሩ።

"እዚህ ይገጥመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም" አሉ። "ዛሬ የፖሊስ ሥራ የሠራችው ይህች ልጅ ናት። ሥልጠናውን እሷ ትጀምርልን።"

ዲኑ ታቢታ የሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለችና በሩም ባዶ እንደሚቀር አስረዱ። ዶክተሯ፣ እንዲያ ከሆነ በሩን እስከ ምሳ ድረስ ዲኑ እንዲጠብቁ በትሕትና ጠየቁ። ሠላሳ ሰው እያየ እምቢ ማለት አልተቻለም።

ታቢታ መጀመሪያ ማይኩን ከአፏ አርቃ ያዘች። ሰውን ከመገመት መጠየቅ እንደሚቀድም ስታስረዳ ግን ድምፅዋ ጸና። ውጭ ደግሞ ወረቀት የጫነ መኪና ሾፌር ክላክስ እየነፋ ዲኑን "ጥበቃ፣ ክፈት እንጂ" አላቸው። ከፈቱ።

በሳምንቱ የኮሌጁ ሪፖርት ሥልጠናውን ሁለት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እንደሰጡት ጻፈ። የታቢታ ስም አልነበረም። እሷ ግን ዶክተሯ በጻፉላት የምስክርነት ደብዳቤ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ ሆና ተቀጠረች። መልቀቂያዋን ስታስገባ ዲኑ ተመራቂዎቼ ሥራ አያጡም ለሚለው የኮሌጁ ማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ እንድትሰጣቸው ለመኗት።

የለኝም አለቻቸው።